የኖራ ጆንስ የመጀመሪያ አልበም፦ «ካም አዌይ ዊዝ ሚ»ን አዲስ የሚያገኙ አድማጮች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህን አልበም ብዙ ሰው የሚያገኘው በአጋጣሚ ነው። በአንድ ካፌ ወይም በሌሊት ጉዞ ላይ በመኪና ሬዲዮ አንዱን ዘፈን ይሰማና የማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ድምፃዊቷን ካወቀ በኋላ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ደግሞ ከሌሎች አድማጮች ጥያቄዎች ጋር ይመሳሰላሉ። ከታች የቀረቡት እነዚያው ናቸው። ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አልበሙ የማን ነው? መቼስ ወጣ?

«ካም አዌይ ዊዝ ሚ» የአሜሪካዊቷ ድምፃዊት፣ ፒያኖ ተጫዋችና የዘፈን ደራሲ የኖራ ጆንስ የመጀመሪያ ሙሉ አልበም ሲሆን፣ ርዕሱን «ና፣ አብረን እንራቅ» ብሎ መተርጎም ይቻላል። ያሳተመው ብሉ ኖት ሬከርድስ ነው፤ ለገበያ የቀረበውም ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2002፣ ማለትም የካቲት 19 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። 14 ዘፈኖች አሉት፤ ሁሉም ተደምረው 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃሉ። በዚያን ጊዜ ድምፃዊቷ 23 ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ገደማ ይቀራት ነበር።

የራቪ ሻንካር ልጅ ናት የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ማርች 30 ቀን 1979 በኒውዮርክ የተወለደችው ኖራ የታላቁ ሕንዳዊ የሲታር ሊቅ የራቪ ሻንካርና የአሜሪካዊቷ የሱ ጆንስ ልጅ ናት፤ ሲታር ተጫዋቿ አኑሽካ ሻንካርም በአባት እኅቷ ናት። ይሁን እንጂ ያሳደገቻት እናቷ ስትሆን፣ ያደገችውም በቴክሳስ ግዛት በዳላስ አቅራቢያ በምትገኘው ግሬፕቫይን ከተማ ነው። በ16 ዓመቷ ስሟን በሕግ አስለውጣ ኖራ ጆንስ ተባለች። ስለዚህ በአልበሙ ውስጥ የሕንድ ሙዚቃን አሻራ የሚፈልግ አድማጭ አያገኘውም፤ የሚያገኘው የቴክሳስን የካንትሪ ዘፈን፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራንንና በእናቷ ቤት ይደመጡ የነበሩ የጃዝ ድምፃዊቷን የቢሊ ሆሊዴይን ሸክላዎች ድምፅ ነው።

የሙዚቃ ትምህርቷም በዚያው በቴክሳስ የተገኘ ነው። በዳላስ በሚገኘው የቡከር ቲ. ዋሽንግተን የኪነ ጥበባት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማረች በኋላ፣ በዴንተን ከተማ ወደሚገኘው የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የጃዝ ፒያኖ አጠናች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ በዩኒቨርሲቲ የተማረችው ፒያኖ እንጂ ዘፈን አልነበረም። አልበሙ ውስጥ ድምፅና ፒያኖ እንደ ሁለት ተጫዋቾች ሳይሆን እንደ አንድ ሰው ትንፋሽ የሚሰሙት ያለምክንያት አይደለም።

ብሉ ኖት እንዴት አገኛት?

በ1999 ክረምቱን ለማሳለፍ ብላ ወደ ኒውዮርክ ሄደች፤ ዩኒቨርሲቲውንም አቋርጣ እዚያው ቀረች። በምግብ ቤቶችና በትናንሽ ክበቦች እየተጫወተች፣ በቀን ደግሞ በአስተናጋጅነት እየሠራች ኖረች። ከእነዚያ መድረኮች በአንዱ ላይ ስትዘፍን በኢኤምአይ የሙዚቃ ድርጅት ውስጥ ትሠራ የነበረች አንዲት ሠራተኛ ሰማቻትና፣ በዚያን ጊዜ የብሉ ኖት ኃላፊ ከነበሩት ከብሩስ ላንድቮል ጋር አገናኘቻት። ላንድቮልም የማሳያ ቅጂዋን (ዴሞዋን) ካዳመጡ በኋላ ለማስፈረም ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ብሉ ኖት በ1939 በኒውዮርክ የተመሠረተ፣ የቴሎኒየስ መንክን፣ የአርት ብሌኪንና የሆረስ ሲልቨርን ሥራዎች ያሳተመ የጃዝ ቤት ነው። የዚህ ቤት ስም በአንዲት ገና ባልታወቀች ወጣት ሥራ ላይ መታተሙ ለእሷ ክብር የመሆኑን ያህል ሸክምም ነበር፤ ስለ አልበሙ የተነሣው ትልቁ ክርክርም ከዚሁ የመነጨ ነው። ወደ እሱ ከዚህ በታች እንመለሳለን።

አልበሙ ሁለት ጊዜ ተቀርጿል ይባላል። ለምን?

አልበሙን በደንብ ለመረዳት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የዚህ ጥያቄ መልስ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል።

መጀመሪያ የነበረው ዴሞው ነው። ኖራ በ2000 ከባስ ተጫዋቹ ከሊ አሌክሳንደር፣ ከጊታር ተጫዋቹና የዘፈን ደራሲው ከጄሲ ሃሪስ እንዲሁም ከድራም ተጫዋቹ ከዳን ሪዘር ጋር ሆና፣ በኒውዮርክ ከተማ በሚገኘው ሶርሰረር ሳውንድ ስቱዲዮ ውስጥ፣ በቀረጻ ባለሙያው በጄይ ኒውላንድ አማካይነት ጥቂት ዘፈኖችን ቀረጸች። ከእነዚህ ስድስቱ በ2001 «ፈርስት ሴሽንስ» በሚል ርዕስ በአነስተኛ ቁጥር ታትመዋል። ቅንብራቸው እጅግ ቀላል ነው፤ አንድ ድምፅ፣ አንድ ፒያኖ፣ አንድ ባስ፣ ቀስ ብሎ የሚመታ ድራምና ከጎን የሚያጅብ ጊታር ብቻ ይሰማባቸዋል።

ከዚያ በኋላ ትክክለኛው አልበም እንዲሠራ ፕሮዲውሰሩ ክሬግ ስትሪት ተመረጡ። ምርጫው ያለምክንያት አልነበረም፤ ስትሪት በ1990ዎቹ ለጃዝ ድምፃዊቷ ለካሳንድራ ዊልሰን የሠሯቸው አልበሞች ጃዝን ከብሉዝና ከገጠር ጊታር ድምፅ ጋር ያዋሐዱ ናቸው፤ ኖራም ትወዳቸው ነበር። በ2001 በኒውዮርክ ግዛት በዉድስቶክ አቅራቢያ በተራራ ላይ በሚገኘው አሌር ስቱዲዮ ቀረጻው ተካሄደ፤ ቢል ፍሪዜል፣ ኬቪን ብሬትና ብራያን ብሌድን የመሰሉ ታላላቅ ተጫዋቾችም ተሳተፉበት። የተገኘው ድምፅ ጥልቅ፣ ጨለምለም ያለና በጊታር የተሞላ ነበር። ነገር ግን አሳታሚው ሲሰማው ፒያኖዋ ከጊታሮቹ ኋላ እንደተደበቀና ላንድቮልን በዴሞው የማረካቸው ግልጽነት እንደጠፋ ተሰማው፤ በዚህም ምክንያት አብዛኛው ቀረጻ ወደ ጎን ተተወ።

አንዲት የ22 ዓመት ወጣት የመጀመሪያ ሥራዋ ተመልሶ ሲሰጣት ምን እንደሚሰማት መገመት አያዳግትም። ሁለተኛውን ዙር እንዲመሩ የተጠሩት አሪፍ ማርዲን ነበሩ። ማርዲን በኢስታንቡል የተወለዱ፣ ቦስተን ውስጥ በርክሊ በሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ (የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄም የተማሩት እዚያው ነው)፣ ለረጅም ዓመታትም በአትላንቲክ ሬከርድስ ከአሬታ ፍራንክሊንና ከሌሎች ታላላቅ ድምፃውያን ጋር የሠሩ፣ በዚያን ጊዜ ወደ 70 ዓመት የተጠጉ አንጋፋ አቀናባሪ ነበሩ። የሙሉ ኦርኬስትራ ቅንብር የመጻፍ ችሎታ ያላቸው ሰው ነበሩና ሌላ ቢሆን ኖሮ ያንን ችሎታ ለማሳየት ቫዮሊኖችንና የነፋስ መሣሪያዎችን ይደረድር ነበር። እሳቸው ግን ቡድኑን ወደ ሶርሰረር ሳውንድ መልሰው፣ የዴሞውን አያያዝ ጠብቀው፣ ጣልቃ ሳይገቡ ማስቀረጽን መረጡ።

የመጨረሻው አልበም እንግዲህ ከሦስቱም ምንጮች የተውጣጣ ነው። ከዴሞው የተወሰደ አለ፤ ከአሌር ስቱዲዮው ቀረጻ የተረፈ አለ፤ አብዛኛው ደግሞ ማርዲን የመሩት ነው። በእኔ እምነት የአልበሙ ውበት ያለው ከውስጡ በወጣው ነገር ላይ ነው። እያንዳንዱ ዘፈን ላይ አንድ መሣሪያ ቢጨመር የሚያጎድለው እንጂ የሚሞላው ነገር እንደሌለ አድማጩ ይሰማዋል፤ ይህም የተገኘው በአንድ ጊዜ ሳይሆን፣ ውድ የሆነ ሙሉ ቀረጻ ተሠርቶ፣ ተደምጦ፣ ተትቶ ነው።

ዘፈኖቹን ሁሉ የጻፈችው እሷ ናት?

አይደለችም፤ በዚህ ረገድ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከ14ቱ ብቻዋን የጻፈችው ሁለቱን ነው፤ የአልበሙን ርዕስ የተሸከመውን «ካም አዌይ ዊዝ ሚ»ንና «ናይቲንጌል»ን። «ዘ ሎንግ ዴይ ኢዝ ኦቨር» የተባለውን ከጄሲ ሃሪስ ጋር ጽፋዋለች። ሃሪስ ብቻውን «ዶንት ኖው ዋይ»ን ጨምሮ አራት ዘፈኖችን አበርክቷል። ሊ አሌክሳንደር ሦስት ዘፈኖችን ለብቻው፣ «ፔይንተር ሶንግ» የተባለውን ደግሞ ጄ.ሲ. ሆፕኪንስ ከተባለ ሌላ ደራሲ ጋር ጽፏል። ሦስቱ ቀደምት ዘፈኖች ናቸው።

ታዲያ ድምፃዊትና የዘፈን ደራሲ ተብላ መጠራቷ ተገቢ ነውን? የአማርኛ ሙዚቃ አድማጭ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም፤ እኛም አንድ ዘፈን ስንወድ «ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ድምፃዊው ያልጻፈው ዘፈን የእሱ ሆኖ ሲቀርም እናውቃለን። በዚህ አልበም ላይ የጻፉት ሰዎች አብረው የሚጫወቱት ሰዎች ናቸው። ሃሪስ ጊታር ይጫወታል፤ አሌክሳንደር ባስ ይጫወታል፤ ኖራ በመካከላቸው በፒያኖው ላይ ተቀምጣለች። የጥቂት ወዳጆች የጋራ ማኅደር ነው ማለት ይቻላል። ከዚያም በላይ፣ በሁለቱ የራሷ ዘፈኖች ላይ የሚሰማው የቃላት ቁጠባ ከሌሎቹ ጸሐፊዎች ሥራ የማያንስ ነው። በ2007 ባወጣችው «ናት ቱ ሌት» በተባለው አልበሟ ደግሞ ዘፈኖቹን ሁሉ ብቻዋን ወይም ከሌሎች ጋር ሆና ጽፋለች፤ ስለዚህ ስሙ የተሰጣት ቀድሞ ቢሆንም አላሳፈረችውም።

ስለ ሦስቱ ቀደምት ዘፈኖች አንድ ነገር ልጨምር። «ኮልድ ኮልድ ሃርት» የካንትሪው ንጉሥ የሃንክ ዊሊያምስ ዘፈን ነው፤ «ተርን ሚ ኦን» የጆን ዲ. ላውደርሚልክ ድርሰት ሲሆን ኒና ሲሞንም በ1960ዎቹ ተጫውታዋለች፤ «ዘ ኒርነስ ኦቭ ዩ» ደግሞ ዜማው የሆጊ ካርማይክል፣ ግጥሙ የኔድ ዋሽንግተን ነው። በጃዝ ዓለም የቆየ ዘፈንን ማንሣት ልክ እኛ ዘንድ ትዝታን እንደመዝፈን ነው። ትዝታን ሁሉም ድምፃዊ ይዘፍነዋል፤ ሆኖም «የእገሌን ትዝታ ሰማህ?» እንላለን እንጂ ለምን ደገመው አንልም። ኖራ የሃንክ ዊሊያምስን የካንትሪ ዘፈን ወስዳ፣ በባሱ እርምጃ ላይ አስቀምጣ፣ የክበብ ጃዝ አድርጋዋለች፤ ቃሉ ሳይለወጥ ሐዘኑ መልኩን ለውጧል።

በእርግጥ ጃዝ ነው?

ጥያቄው አልበሙ ከወጣ ጀምሮ ያልተቋረጠ ነው፤ የጃዝ አፍቃሪዎችን የሚያናድደውም፣ ጃዝን የማያውቁትን የሚያሳስበውም እሱ ነው። ጃዝ ማለት በዜማ ላይ ረጅም ፈጠራ መጫወት ከሆነ፣ እዚህ ብዙ የለም። ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው፤ ብቸኛ መሣሪያ ለረጅም ጊዜ የሚነግሥበት ቦታ የለም፤ ካንትሪው፣ ፎኩና ፖፑ በግልጽ ይሰማሉ። የግራሚ ሽልማት ሰጪዎችም አልበሙን የሸለሙት በፖፕ ዘርፍ እንጂ በጃዝ ዘርፍ አይደለም።

ሆኖም በጃዝ ያልሠለጠነ ሰው ሊሠራቸው የማይችላቸውን ነገሮች አድማጭ ጆሮውን ሰጥቶ ሊያገኛቸው ይችላል። አንደኛው የጊዜ አያያዟ ነው። ቃሉን በምቱ ላይ አታሳርፈውም፤ ምቱ ካለፈ በኋላ፣ የሚወድቅ እስኪመስል አዘግይታ ታመጣዋለች፤ ይህን ከቢሊ ሆሊዴይ የተማረችው መሆኑ አያጠራጥርም። ሌላው የፒያኖዋ አነካክ ነው። በሐረግና በሐረግ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ኖታ ብቻ ጣል ታደርጋለች፤ እነዚያም ኖታዎች ድምፅዋ ለተናገረው መልስ ይሰጣሉ። ከዚህ በተጨማሪ ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው ይደማመጣሉ። ብራያን ብሌድ ከሳክስፎን ሊቁ ከዌይን ሾርተር ጋር ይጫወት የነበረ ከባድ የጃዝ ድራም መቺ ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ግን አንዳንዴ ከሹክሹክታ በላይ አያሰማም።

እኔ የምለው፣ አልበሙ የጃዝ ሰዎች የሠሩት የዘፈን አልበም ነው። ጃዝን ለመውደድ በር የሚፈልግ ሰው በዚህ በር ቢገባ የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ በውስጡ ደግሞ ወደ ኒና ሲሞን፣ ወደ ቢሊ ሆሊዴይና ወደ ሆጊ ካርማይክል የሚያደርሱ ሌሎች በሮችን ያገኛል።

«ዶንት ኖው ዋይ» ለምን ያን ያህል ተወደደ?

ዘፈኑን ጄሲ ሃሪስ ቀደም ሲል ከራሱ ቡድን ጋር ቀርጾት ነበር። የኖራ ቅጂ ደግሞ ያው የዴሞው ቅጂ ነው፤ በመጀመሪያ ጊዜ የተጫወቱት ከተጨመሩለት ጥቂት ድምፆች በቀር እንዳለ በአልበሙ ላይ ወጣ። ገና ማንም ሳያውቃቸው፣ ይህ ይታተማል ብለው ሳይጨነቁ የተጫወቱት መሆኑ ከድምፁ ይሰማል።

የግጥሙ ጉዳይ ቀላል ነው፤ አንዲት ሴት ወደምትፈልገው ሰው ሳትሄድ ሌሊቱ ይነጋል፤ ለምን እንዳልሄደች ራሷም አታውቅም። ጥፋተኛ የለም፤ ወቀሳ የለም፤ ማብራሪያም የለም። በአሜሪካ የነጠላ ዜማዎች ሠንጠረዥ ላይ የደረሰው እስከ 30ኛ ደረጃ ብቻ ነው፤ ይህም አንድ ዘፈን በሰው ልብ ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ሠንጠረዥ ሁልጊዜ እንደማይለካ ያሳያል።

ምን ያህል ተሸጠ? ምን ምን ሽልማትስ አገኘ?

በዓለም ዙሪያ ከ27 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይነገራል፤ በአሜሪካ ብቻም ከ10 ሚሊዮን በላይ ለሚሸጥ ሥራ የሚሰጠውን የአልማዝ ማዕረግ አግኝቷል። የሚገርመው ግን አወጣጡ ነው። በቢልቦርድ የአልበሞች ሠንጠረዥ ላይ ሲገባ 139ኛ ነበር፤ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ፣ ቀስ በቀስ እየወጣ አንደኛ የሆነው በጃንዋሪ 2003፣ ከታተመ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2003 በኒውዮርክ በተካሄደው የግራሚ ሥነ ሥርዓት ላይ ኖራ አምስት ሽልማቶችን ወሰደች፤ ከእነዚህም መካከል የዓመቱ ምርጥ አልበም፣ የዓመቱ ምርጥ ቅጂና የምርጥ አዲስ አርቲስት ሽልማቶች ይገኛሉ። ሃሪስ በ«ዶንት ኖው ዋይ» የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ደራሲ ተብሎ፣ ማርዲን በፕሮዲውሰርነታቸው፣ የቀረጻ ባለሙያዎቹም በሙያቸው ስለተሸለሙ ከአልበሙ ጋር የተያያዙት ሽልማቶች ስምንት ደርሰዋል።

እንግሊዝኛ በደንብ ባልችልስ? ከየትኛው ዘፈን ልጀምር?

ቋንቋው ብዙ አያስቸግርም። ቃላቱ አጫጭርና የዕለት ተዕለት ናቸው፤ ዝናብ፣ ሌሊት፣ መስኮት፣ ተራራ፣ ኮከብ እየተባለ የሚሄድ ግጥም ነው። ድምፃዊቷም ቃሉን ጠርታ፣ ሳትቸኩል ስለምትለው እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያለ ሰው እንኳ አብዛኛውን ይከተለዋል።

ለመጀመር ከመጨረሻው መጀመርን እመክራለሁ። 14ኛው ዘፈን «ዘ ኒርነስ ኦቭ ዩ» ድምፅና ፒያኖ ብቻ ያለው ነው፤ እሱን በጸጥታ፣ ቢቻል በጆሮ ማዳመጫ የሰማ ሰው ሌሎቹ ሁሉ የተገነቡት በምን መሠረት ላይ እንደሆነ ይረዳል። ከዚያ ወደ 5ኛው፣ የራሷ ድርሰት ወደሆነው «ካም አዌይ ዊዝ ሚ» ይመለሱ፤ ሦስት ሦስት እየተቆጠረ በዝግታ የሚወዛወዝ ዜማ ነው። ቀጥሎ 9ኛውን «አይቭ ጎት ቱ ሲ ዩ አጌን» ከ10ኛው «ፔይንተር ሶንግ» ጋር አያይዘው ያዳምጡ፤ በአንደኛው የጄኒ ሸይንማን ቫዮሊን፣ በሌላው አኮርዲዮን ገብቶ የአልበሙን ቀለም ለጥቂት ደቂቃ ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል። ይህን ካደረጉ በኋላ ከአንደኛው ጀምሮ በቅደም ተከተል መስማት ይገባል፤ የዘፈኖቹ አደራደር ታስቦበት የተሠራ ነውና እየቀላቀሉ ማጫወት ይጎዳዋል።

የ2022ቱን የ20ኛ ዓመት እትም ልግዛ ወይስ ዋናው ይበቃኛል?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ዋናው ይበቃዋል። አልበሙን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ግን የ2022ቱን እትም ቢያገኝ አይቆጭም። 44 ቅጂዎችን የያዘው ይህ እትም ዴሞዎቹን እንዲሁም በ2001 ወደ ጎን የተተወውን የክሬግ ስትሪት ቀረጻ አካትቷል፤ ያም ቀረጻ ሊወጣ ታስቦ በነበረበት መልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በዚህ እትም ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዳምጡ የተተወው ደካማ ሥራ እንዳልነበረ ይገነዘባሉ። ጊታሮቹ ውብ ናቸው፤ አየሩ ከባድና ምሥጢራዊ ነው፤ አንዳንድ ምሽት እኔም እሱን እመርጣለሁ። ነገር ግን በዚያኛው ላይ ዘፋኟ በአንድ ታላቅ ቡድን መካከል ቆማለች፤ በወጣው አልበም ላይ ግን ፒያኖዋን ይዛ ከአድማጩ ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

ከዚህ ቀጥሎ የትኛውን አልበሟን ልስማ?

ይህንን የወደደ ሰው በ2004 የወጣውን «ፊልስ ላይክ ሆም» በቀላሉ ይወደዋል፤ ይበልጥ ወደ ካንትሪ ያዘነበለ ነው፤ በአሜሪካ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። የጃዝ ጥያቄ ያልለቀቀው ሰው ግን በቀጥታ ወደ 2016ቱ «ዴይ ብሬክስ» ቢሄድ ይሻለዋል፤ ኖራ ከጊታር ወደ ፒያኖዋ የተመለሰችበት፣ ዌይን ሾርተር በሳክስፎን፣ ብራያን ብሌድም እንደገና በድራም የተሳተፉበት ሥራ ነው።